የተሰፋው አደራ

ሻንጣ መሸከፍ እችልበታለሁ፤ ችግሩ ሰው አላስሸክፍ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ባርናባስ ሃንጋሪ ሄዶ ሊማር ስኮላርሺፕ አግኝቷል፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዞ ወደ ሀዋሳ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ይሄዳል። የዲላ ሰው ደግሞ መንገደኛ ሊሰናበት ባዶ እጁን አይመጣም። ከጠዋት ጀምሮ አንዷ ማር፣ አንዷ በሶ፣ አንዱ አንድ ፌስታል ሙሉ ቡና ይዞ ይገባል፤ እናቴ ሁሉንም «ጌታ ይባርክህ፣ ጌታ ይባርክሽ» እያለች ትቀበላለች።

«እማዬ፣ የተፈቀደለት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው! ከዚያ በላይ አንዲት ግራም የለም!»

«ምግብ ደግሞ ምን ይከብዳል?» አለችኝ። ወይ እናቴ!

ጎረቤታችን ኡስማን ከገበሬ እሸት ቡና የሚረከብበትን ተንጠልጣይ ሚዛን አዋሰን። እሱንም ቢሆን አላመንኩትም፤ ገበሬው ሁሉ በዚያ ሚዛን ያማዋል። ስለዚህ ለጥርጣሬ ሁለት ኪሎ ያህል ባዶ ቦታ ልተው ብዬ ሁሉን ነገር ዘረገፍኩና እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሸሚዞቹን ጠቀለልኩ፣ ካልሲዎቹን ጫማ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ወፍራሙን ጃኬት ለብሶት እንዲሄድ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ትራንስክሪፕቱና የመግቢያ ደብዳቤው በእጅ ቦርሳው ገቡ። ጂንሱ በዚህ ዝናብ አልደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ሰንብቷል፣ እሱን በካውያ ጠብሼ አደረቅኩት። ማሩንም በሶውንም ቡናውንም «ለእኛ ይሆናል» ብዬ ወደ ጓዳ መለስኩ።

የቀረው የጎረቤታችን የእትዬ ማንጠግቦሽ ጥቅል ብቻ ነበር። በአቡጀዴ ተጠቅልሎ ዙሪያውን በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ለሽመክት» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ሽመክት ልጃቸው ነው፣ እሱም ሃንጋሪ ሊማር ከሄደ ሁለት ዓመቱ። እሁድ እሁድ ከቸርች ሲመለሱ እንደሚደውልላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ራሳቸው ናቸው የሚናገሩት።

ጥቅሉን ጨመቅ ሳደርገው ዱቄት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አደራ ነው» አለች እናቴ።

«ባርኔ፣ ‹ሻንጣህን ራስህ ነህ የሸከፍከው? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?› ብለው ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው?»

ባርናባስ ጣሪያውን አየ። ይሄ ልጅ ለሰው እምቢ ማለት አልተፈጠረለትም፤ ድንጋይ ያዝ ቢሉት ይይዛል። እኔ ግን ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። መንገድ ላይ በአንድ የማይታወቅ ዕቃ ቢይዙት ምዝገባው ያልፈዋል፣ ምዝገባው ካለፈው ስኮላርሺፑ ሄደ ማለት ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እዚህ ቤት የገባ ደስታ ይሄ ብቻ ነው።

ምላጭ አነሳሁ።

«ሩሃማ!» እናቴ እጄን ያዘችኝ። «የሰው አደራ ይፈታል እንዴ? ነውር አታውቂም?»

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ፤ እስር ቤቱን ግን እሱ ነው የሚሸከመው!»

ስፌቱን ቀደድኩት። ከውስጡ ድርብ ፌስታል ወጣ፣ ፌስታሉ ውስጥ ነጭ፣ የላመ ዱቄት አለ። እናቴ እጄን ለቀቀችና «በኢየሱስ ስም!» ብላ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ባርናባስ ወደ ግድግዳው ሸሸ። በጣቴ ጫፍ ነክቼ ቀመስኩት።

ቡላ ነው። የእንሰት ቡላ፣ ሆዱን ላመመው ሰው በወተት የሚሠራው።

መሳቅ ነበረብኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን ይበልጥ ተናደድኩ። «ነጭ ዱቄት በፌስታል! እስኪ የትኛው የፈረንጅ ፖሊስ ነው ቡላ የሚያውቀው? እስኪመረመር ድረስ የት ሊያሳድሩት ነው?»

በዚህ መሃል እትዬ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆመዋል። የተቀደደውን አቡጀዴ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ፈታሽው፣ ሩሃማ?»

«አዎ፣ ፈታሁት! ይቅርታ ያድርጉልኝና እንዴት ያለ ጭካኔ ነው ይሄ? ልጁን ሊያሳስሩት ነው? ደግሞስ የት ብሎ ያደርሰው? አድራሻ የለው፣ ስልክ የለው!» ስልኬን አወጣሁ። «ቁጥሩን ይስጡኝ፣ አሁኑኑ ልደውልለትና ራሱ ሽመክት ይንገረኝ።»

«አይነሳም» አሉ።

«ሥራ ላይ ቢሆን ማታ…»

«አይነሳም አልኩሽ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን አልደወለም። ስደውል ዝግ ነው ይለኛል። ትምህርቱንም ትቷል ይላሉ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እሁድ እሁድ ይደውላል አላሉም እንዴ?» አለ ባርናባስ።

«እሱ ለሰፈር ነው። ሰው ‹ሽመክት እንዴት ነው?› ሲለኝ ምን ልበል? ጠፋ ልበል?»

እኔ አሁንም እልሁ አልለቀቀኝም ነበር።

«ታዲያ ቡላው ምን ሊያደርግ ነው?»

«ምንም አያደርግም። ልጄ፣ ለባርናባስ ወሬ ብቻ ብሰጠው ይረሳዋል፤ ትምህርት አለበት፣ ሀገሩም አዲስ ነው። የሰው አደራ ከያዘ ግን ሳያደርስ እንቅልፍ አይወስደውም። እናቱ እንዴት እንዳሳደገችው አውቃለሁ። ዕቃውን ሲያየው ሽመክትን ይፈልገዋል ብዬ ነው።»

እናቴ እየተንሰቀሰቀች ተነስታ አቀፈቻቸው። እኔ ምላጩን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤ አፈርኩ።

«ፎቶውንና የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ይስጡኝ፣ እፈልገዋለሁ» አለ ባርናባስ።

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ለሁሉም «እሺ» የሚል ልጅ «እሺ» ማለቱ ብቻውን ምንም አይደለም። እትዬ ማንጠግቦሽ ልክ ናቸው፤ የሚያይ፣ የሚነካ ነገር ያስፈልገዋል።

«ቡላው ይቀራል» አልኳቸው። «ዱቄት ያልሆነ ምን አለዎት? ሄደው ያምጡ፣ ቶሎ! ሚኒባሱ ሊነሳ ነው!»

እየሮጡ ሄደው ራሳቸው የሠሩትን ሰማያዊ ሹራብ ይዘው መጡ። ከበድ ይላል። «ፈትሺው፣ ልጄ፣ አይክፋሽ» አሉኝ። ፈተሽኩት፣ እጅጌዎቹን ሁለቱንም ገልብጬ፤ እንባዬ እየወረደ ነው የፈተሽኩት። ከዚያ ኪሎው እንዳያልፍ የባርናባስን ብርድ ልብስ ከሻንጣው ጎትቼ አወጣሁና ሹራቡን ከሁሉም ላይ፣ ሻንጣውን በከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ አነጠፍኩት።

«ብርዱስ?» አለ ባርናባስ።

«እዚያ ትገዛለህ።»

ሚኒባሱ ውጪ ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ ሁላችንም የፈራነውን ነገር ቀስ ብላ ጠየቀች። «ማንጠግቦሽዬ፣ ቢያጣውስ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ የሹራቡን አንገት አስተካከሉ።

«እንዳይጥለው፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጠው። መልሶ ያምጣልኝ። ሹራቡ ከተመለሰ ለቅሶ እቀመጣለሁ።»

ዚፑን እኔ ዘጋሁት።