የዚያ ዓርብ ድምፅ

ጀንበሬን የሰደበው ተክለወልድ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ መጋቢት መድኃኔዓለም፣ ዘመኑ 1966 ዓ.ም.፣ ቦታው ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ፤ ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ገና መቆሙ ነበር። ጀንበሬ በሌላው ቀን ጆንያ ተሸካሚ ነው። ያን ዕለት ግን ከልብስ ሰፊ የተዋሰውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ እጮኛውን አሰገደችን ሊቀበል ቆሟል። እሷም በፉርጎው መስኮት ብቅ ብላ አይታዋለች። ይኼኔ ትኬት ቆራጩ ተክለወልድ አጠገቡ ደረሰ፤ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ፣ "ኮቱ የተውሶ፣ ጫማው የልመና፤ እሱ ራሱስ የማን ይሆን?" አለው። ጣቢያው በሳቅ አውካካ። አሰገደች አንገቷን ደፋች።

ሰው የልጁን ልደት ይረሳል፤ ጀንበሬ ይቺን አልረሳም።

አሰገደች አገባችው። ወለዱ፣ ዳሩ፤ እሱም እዚያው ጅቡቲ፣ ሀራሙስ ሰፈር፣ የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆኖ አረጀ። ነገር በተነሳ ቁጥር ግን፣ ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ፣ "አዝነሽልኝ እንጂ ወደሽኝ መች አገባሽኝ! የዚያን ቀን ሰምተሻል!" ይላታል።

"አልሰማሁም አልኩህ! በመድኃኔዓለም፣ ምንም አልሰማሁም!"

መማሏ ራሱ ያንገበግበዋል፤ ያልሰማ ሰው ምን ያስምለዋል? ተክለወልድ ደግሞ በተጠየቀ ቁጥር፣ "እኔ? እንዲህ ያለ ቃል ካፌ አይወጣም" ብሎ እርፍ።

በ2009 ጥር ላይ አገሩ ሁሉ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ለማየት ወደ ናጋድ ጣቢያ ሲጎርፍ፣ ጎረቤቱ ታክሲ ነጂው ሳቢት በአጥር ላይ ብቅ አለ። "ጋሽ ጀንበሬ፣ የድሮውን ባቡር ሙዚየም አስገቡት እኮ፣ ወደቡ ጋ! ድምፁ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ፈረንሳዊ ያኔ በቴፕ የቀዳው ነው አሉ።"

ጀንበሬ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ፈረንሳዊው! ትከሻው ላይ ሳጥን አንጠልጥሎ ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ! ያን ዓርብ ከእሱና ከተክለወልድ ጎን ቆሞ አልነበር? አርባ ዓመት ሙሉ ምስክር ሲያስስ፣ ምስክሩ ለካ በቴፕ ተጠቅልሎ ባሕር ማዶ ተኝቶ ኖሯል!

"ኧረ ወዴት ነው በባዶ እግርህ?" አለች አሰገደች።

"ማስረጃ ላመጣ!" አለ፤ ጫማውን እየፈለገ። "ዛሬ መማል የለም! ዛሬ ሁሉም ይሰማል!"

በሳቢት ታክሲ ተክለወልድ ሰፈር፣ ካርቲዬ ሁለት፣ ደረሱ። ሰማንያን ያለፈው ተክለወልድ ደጃፉ ላይ ከዘራውን ተደግፎ መንገደኛ ይቆጥራል።

"ጋሽ ተክለወልድ፣ ተነስ፤ ሙዚየም ልጋብዝህ።"

"ሻይ እንኳ ጋብዘኸኝ አታውቅ፤ ዛሬ ምን ነካህ?"

"ና ብቻ። የራስህን ድምፅ ትሰማለህ።"

"የኔን ድምፅ? እሱማ ሙዚየም ይገባዋል!" አለና ሽማግሌው ሳይለመን ተነሳ።

ጀንበሬ ሙዚየም ሲባል ሰው እንደ ለቅሶ ቤት የሚንሾካሾክበት ይመስለው ነበር። ይኼኛው ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የድሮ መጋዘን ነው፤ ገና ከበሩ ጩኸቱ ተቀበላቸው። ከግድግዳው የባቡር እግር ጓ ጓ፣ ጓ ጓ ይላል፤ ብረት ከብረት ይላተማል፤ ደወል ይደወላል። ከድምፁ የባሰው ሰዉ ነው። ያረጁ የባቡር ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸው መጥተው፣ አንዱ በሶማልኛ፣ አንዱ በአፋርኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ "ይኼ የድልድዩ ነው! ይኼ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ነው!" እያሉ ይጯጯሃሉ። አስጎብኚዋ ውዳድ፣ "ሲሎንስ፣ ሲል ቩ ፕሌ! ኧረ ዝም በሉ!" ብትል ማን ሰምቷት።

መጨረሻ ክፍል አንድ ጥቁር ድምፅ ማጉያ አለ። ውዳድ ከሥሩ የተለጠፈውን አነበበችላቸው፦ የጅቡቲ ጣቢያ፣ ዓርብ፣ አቭሪል ሷሳንት ካቶርዝ፤ በኛ መጋቢት 66 መሆኑ ነው።

ጀንበሬ ተስፈንጥሮ ማጉያውን ያዘ። "እሱ ነው! ራሱ ነው! ክፈቺው ልጄ!"

"በራሱ ይጀምራል፣ አባባ፤ ትንሽ ይታገሡ።"

አርባ ዓመት የታገሠ ሰው ያቺን ትንሽ መታገሥ አቃተው። በመጨረሻ ፍሬኑ ሲጢጥ ብሎ ጥርስ አፋጨ፤ እንፋሎት የመሰለ ነገር ተነፈሰ። ከዚያ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚጠራ የሴት ድምፅ፦ "ሳምቡሳ! ትኩስ ሳምቡሳ!"

"ሩቅያ!" ብሎ ጮኸ ጀንበሬ፤ ከሞተች ስንት ዓመቷ፣ ዞር የምትልለት ይመስል። አሮጊቶቹ አጨበጨቡ። እሱ የተክለወልድን ክንድ ጨመቀ። "አሁን ነው። ከሩቅያ ቀጥሎ አንተ ነህ።"

እህም። እህም።

"የኔ ጉሮሮ!" ተክለወልድ በደስታ ከዘራውን ጣለው። "እሰይ! ጎረምሳው ጉሮሮዬ!"

"ኮቱ የተ..." አለ ድምፅ ማጉያው።

ባቡሩም ጮኸ።

ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ፣ ሰው ጆሮውን እስኪይዝ፣ ጡሩምባው አንባረቀ። ሲያበቃ የተክለወልድ ድምፅ የለም። በምትኩ ዶሮ ተንጫጫ፤ ክንፍ ተራገበ፤ አንዲት ሴት፣ "ያዙልኝ! ቅርጫቴ ተበጠሰ! ከፉርጎው ሥር ገቡ፣ ኧረ ዶሮዎቼን ያዙልኝ!" አለች። ጣቢያው በሳቅ አውካካ።

ያ ሳቅ ነው። አብሮት ተኝቶ አብሮት ሲነሳ የኖረው ሳቅ፣ ከመቶ ሳቅ መሐል ይለየዋል። የተሳቀው በእሱ ሳይሆን በዶሮ ነው!

ቴፑ ተመልሶ ጀመረ። አሁን ጆሮውን ማጉያው ላይ ለጥፎ ሰማ፤ ሩቅያ፣ ጉሮሮው፣ "ኮቱ የተ..."፣ ጡሩምባው፣ ዶሮዎቹ፣ ሳቁ። ክንድ በማይሞላ ርቀት የነበረው ማይክራፎን ያልያዘውን፣ መስኮት ላይ የነበረችው አሰገደች በየት በኩል ትሰማው? አንገቷንስ ብትደፋ፣ ዶሮዎቹ ከሥሯ ገብተው አይደል? እሱም የሰማው ተክለወልድ ጆሮው ውስጥ ስለተፋበት ነው። ከእግዜር በቀር ሌላ የሰማ የለም። ሴትዮዋ ለካ ዕድሜዋን ሙሉ እውነቷን ነው የማለችው!

"ይኸው!" ተክለወልድ ወደ ሰዉ ዞረ። "ሰማችሁ አይደል? 'ኮቱ የተዋበ ነው' ብዬው ይሆናላ! ይኼ ሰውዬ አርባ ዓመት ስሜን ሲያጠፋ ኖሯል። በል አሁን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀኝ!"

ሰዉ ሁሉ ወደ ጀንበሬ ዞረ። መልስ ሞልቶት ነበር፤ በየሌሊቱ የዘበኝነት ወንበሩ ላይ ሲስለው የኖረ፣ አንዱ ከአንዱ የሚብስ መልስ። ልቡ ግን ወደ በሩ፣ ወደ አሰገደች ይጎትተዋል።

"ምነው ዝም አልክ፣ አንተ ጀንበሬ? ምላስህን ዶሮዋ ዋጠችው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ጀንበሬ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ከዘራ አነሳ፣ ለተክለወልድ አስያዘው፣ በሰዉ መሐል ሰንጥቆ ወጣ። ሳቢት ከታክሲው፣ "ጋሽ ጀንበሬ፣ ማስረጃው ተገኘ?" ሲለው፣ "ቶሎ ንዳ! ቤት አድርሰኝ!" አለው። ከኋላው ሩቅያ እንደገና ሳምቡሳዋን ትጣራለች፤ ተክለወልድም በሩ ላይ ቆሞ፣ "መልስልኝ እንጂ!" እያለ ይጮኻል።