የአረንጓዴው መንገድ ጓጉንቸር

በትንሿ ከተማችን በሞንታላክ ከኔ በላይ ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ይሄ ባቴ ሲያልፍ ላሞች ግጦሽ ያቆማሉ። ቁልቁለት ስወርድ ንፋሱ ራሱ ጥግ ይዞ ያሳልፈኛል። እንኳን ብስክሌቱ መንገዱም ቢሆን የኔ ነው ማለት ይቻላል። የባቡሩ ሐዲድ ከተነቀለ በኋላ እሾህ የዋጠውን ያን መስመር አስፋልት አልብሱት፣ መኪና እንዳይደርስበት አድርጉ ብዬ የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ እስኪርገበገብ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሌሎችም ጮኸዋል ይባላል። አልሰማኋቸውም፤ የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

መንገዱ ተሠራ። አረንጓዴው መንገድ ነው የምንለው። ከሞንታላክ ተነሥቶ በዋልነት ዛፎች መሃል፣ በሁለት ድልድይና በአንድ ጨለማ ዋሻ አልፎ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ጣቢያው ዛሬ ምግብ ቤት ነው። እሑድ እሑድ የብስክሌት ማኅበራችን እዚያ ድረስ ይነዳና የእንጉዳይ ኦምሌት በነጭ ወይን ይበላል። ማኅበሩ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ፔዳል ረግጦ ያልመጣ ከማዕዱ አይቀመጥም። ዝናብ ቢሆን፣ ጉልበት ቢያብጥ፣ አማት ብትሞት፣ መኪና ያመጣው ሰው ውጭ ቆሞ ስንበላ ያየናል።

ሕጉን ያወጣው ታላቅ ወንድሜ አርማን ነው። አንድ ጊዜ የብስክሌቴ ካቴና ተበጥሶ በዳቦ ቤቱ መኪና ተጭኜ ብመጣ፣ "ሬጂስ፣ ዳቦ ነህ እንዴ?" ብሎ ከበር መለሰኝ። ወንድሙ ነኝ። ኦምሌቱን በመስኮት አየሁት፤ የዚያን ቀን የመኪና ጎማ ያህል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ አርማንን ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሐኪሙ ሁለት ጎማ አይታሰብም ሲል፣ እኔ አገር አስሼ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አመጣሁለት፤ ከኋላ ሁለት ጎማ፣ እንደ ንጉሥ ዙፋን የሰፋ መቀመጫ። ግቢው ውስጥ ዶሮዎቹን እያባረረ ተለማመደ። ከታመመ ጀምሮ ፈገግ ያላለ ሰው፣ አውራ ዶሮው ከፊቱ ሲበር ከት ብሎ ሲስቅ አየሁት።

"እሑድ ጣቢያው እንገናኝ" አለኝ። "ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ካለ ይነሣ።"

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይሄ ሰው መጪውን ብርድ ቤት ተዘግቶ ካሳለፈ ከዚያ ወዲያ አይነሣም ብሎኛል። ስለዚህ ቀልድ አልነበረም። በዋናው መንገድ እንዳንሄድ የድንጋይ ካባው ገልባጭ መኪኖች እንደ ተቆጣ በሬ ነው የሚወርዱት። የቀረን አረንጓዴው መንገድ ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት መግቢያው ላይ ደረስን፤ ደርሰንም ቆምን። ከንቲባችን ጊስላን፣ ትምህርት ቤት ከኔ እየኮረጀ ያደገው ጊስላን፣ በዚያው ሳምንት ሁለት የብረት አጥር ተክሏል። አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ፤ ብስክሌተኛ በመሃላቸው እንደ እባብ ተጣጥፎ ይለፍ፣ መኪና ግን አይለፍ ነው ነገሩ። ከጎናቸው ሰፊ የብረት በር፤ በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር። የአርማን ብስክሌት የፊት ጎማው ገባ፣ የኋላዎቹ ተቀረቀሩ።

"ምንም አይደል፣ አንሥተን እናሳልፈዋለን" አልኩ። ብቻዬንም አነሣው ነበር፤ በሬ አንሥቼ አውቃለሁ።

"ማንም አይነካኝም" አለ አርማን።

"ለአፍታ እኮ ነው።"

"ሬሳ ሳልሆን በአራት ሰው ሸክም አልሄድም። ስሆን እንደ ፍጥርጥራችሁ።"

"እሺ አንተ ውረድና ብስክሌቱን ብቻ እናንሣ።"

"ወርጄ በየትኛው እግሬ ልቁም?"

ይህን ስንባባል ከኋላችን የአዳኞች መኪና መጣ፤ ጭቃ የለበሰ፣ ከኋላው ሁለት ውሾች። ሹፌሩ ወረደ፣ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፣ ጓጉንቸሩን ከፈተ፣ መኪናውን አስገባ። አርማን ሊከተለው መሪውን ሲያዞር ሰውየው በሩን ፊቱ ላይ መለሰው።

"ይቅርታ አርማን። ቁልፍ የሌለው ሰው ማሳለፍ ክልክል ነው፤ ከንቲባው ቁልፉን ይነጥቀኛል" አለና ቆልፎ ሄደ።

መኪና በማይገባበት መንገድ መኪናው ገባ፣ ብስክሌቱ ውጭ ቀረ። አርማን ዞሮ ወደ ቤቱ ነዳ። እኔ ከንዴቴ ብዛት የሄልሜቴን ማሰሪያ በጥርሴ በጠስኩት።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ።

"ጊስላን፣ ቁልፍ ስጠኝ።"

"ለማን?"

"ለወንድሜ።"

"መኪናው ምን ዓይነት ነው?"

"መኪና የለውም። ብስክሌት ነው።"

"ታዲያ በብስክሌት መግቢያው ይግባ።"

"አያሳልፈውም፤ ባለ ሦስት ጎማ ነው።"

"እኔ ራሴ በብስክሌት ሞክሬዋለሁ፣ ያሳልፋል።"

"አንተን ምን የማያሳልፍህ አለ?"

"ሬጂስ፣ ቁልፍ ለገበሬዎች፣ ለእሳት አደጋና ለአዳኞች ማኅበር ነው። ለብስክሌት መስጠት ከጀመርኩ ብስክሌተኛ ሁሉ ይመጣብኛል።"

"የብስክሌት መንገድ ላይ ብስክሌተኛ እንዳይመጣ ነው የፈራኸው?"

"አትጩህ፣ ጸሐፊዋ ስልክ ላይ ናት።"

አልጮህኩም። ብጮህማ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ብቻውን በደወለ።

ወጥቼ ስጠይቅ ጉዱ ታየኝ። ቁልፉ የሌለው የለም። እንጉዳይ ለቃሚው አለው። የከንቲባው አማች ውሻውን በመኪና ወስዶ እዚያ ስለሚያናፍስ አለው። ገበሬው ጋሪጉ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጁ እንኳ ቁልፉን ከአባቱ ወርሷል። ሞንታላክ ውስጥ ሞተር ያለው ሁሉ መኪና ወደተከለከለበት መንገድ ይገባል።

አርማን ደግሞ የመስኮቱን መዝጊያ ዘግቶ ተቀመጠ። ባለ ሦስት ጎማውን ዶሮዎቹ ማደሪያ አደረጉት።

"ሽጠው" አለኝ።

"አልሸጥም። የብረት መቁረጫ አለኝ፤ ያን ጓጉንቸር እንደ ብስኩት እሰብረዋለሁ።"

"ሰብሬ ከገባሁ ሌባ ነኝ። በሸክም ከገባሁ ሬሳ ነኝ። ሌላ ካለህ አምጣ።"

ሌላ አልነበረኝም። ይህ በሕይወቴ ሆኖ አያውቅም። አርማን ግን ቀና አለ።

"ያ በሩን ፊቴ ላይ የዘጋው አዳኝ ቁልፉን ያገኘው ከአዳኞች ማኅበር ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ የአደን ፈቃድ አለኝ። ልጅ ሳለሁ አባባ አስወጣልኝ።"

"አንተ? ጥንቸል ስታይ ይቅርታ የምትጠይቀው?"

"ፈቃዱ ስንት ገደልክ አይልም። ይታደሳል።"

የአዳኞቹ ሹም ማዳም ማርሰሊን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሥጋ ቤቱንም ማኅበሩንም በአንድ ቢላ የሚያስተዳድሩ ሴት። ስንደርስ የዱር አሳማ እየበለቱ ነበር። አርማን ከብስክሌቱ ሳይወርድ ደጃፍ ላይ ሆኖ ጉዳዩን ተናገረ።

"በአንድ እጅህ ጠመንጃ አላስይዝህም" አሉት።

"ጠመንጃ አልፈልግም።"

"ታዲያ አሳማውን በምን ልትገድለው?"

"ገጭቼ።"

ማዳም ማርሰሊን ቢላቸውን አስቀመጡ። "ለነገሩ ከኔ ሰዎች ግማሾቹ ከተኮሱ ቆይተዋል፤ ለምሳው ነው የሚመጡት። ደወል አለህ?"

አርማን የብስክሌቱን ደወል ነካው።

"በቃ፣ በደወል አሳማውን ከጫካ እያስነሣህ ወደ ተኳሾቹ የምትነዳ ቀስቃሽ ነህ። ቀስቃሽ አጥቼ ነበር።" እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው የአዳኞቹን ብርቱካናማ ሰደርያና ቁልፍ አወጡለት።

"ማዳም፣ ጊስላን ቢቃወምስ?" አልኩ እኔ።

"ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ ከጠየቀኝ፣ የገናውን የአሳማ ጭን ከማን እንደሚያገኝ አብሮ ይጠይቅ።"

ፈቃዱ ታደሰ፣ እሑድም ደረሰ። አርማን ሰደርያውን ለብሶ፣ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከብረቱ በር ፊት ቆመ። እኛ በአጥሩ መሃል ተጣጥፈን አልፈን ወዲያ ማዶ ጠበቅነው። ጓጉንቸሩ ለአንድ እጅ የተሠራ አይደለም። ቁልፉን ሲያስገባ ጓጉንቸሩ ይሸሻል፣ ጓጉንቸሩን ሲይዝ ቁልፉ ይወድቃል። ልረዳው ተመለስኩ።

"ተው" አለኝ።

ተውኩ። ከኋላው መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ጊስላን ነው። አርማን ዞር ብሎም አላየው። ጓጉንቸሩን በጉልበቱና በበሩ መሃል አጣብቆ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ ቁልፉን አስገብቶ አዞረው። በሩን በፊት ጎማው ገፍቶ ገባ። ጊስላን ሊከተል ሲል አርማን በሩን መለሰው።

"አርማን፣ ክፍት ተወው እንጂ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለ ጊስላን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

"ማለፍ በቁልፍ ነው፣ ክቡር ከንቲባ። ውረድና ክፈት።" ቆለፈውም፤ መቆለፉ ከመክፈቱ እጥፍ ፈጀ። ጊስላን እየተቁነጠነጠ ጠበቀ።

በዋልነቶቹ ስር ነዳን። አርማን ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ እኔ ለክብሩ ብዬ ፍጥነቴን በዐሥር እጅ ቀነስኩ። ዋሻው ውስጥ ደወሉን ይደውል ነበር፣ ያለማቋረጥ፤ አንድም አሳማ አልተነሣም። ጣቢያው ስንደርስ የማኅበሩ ሰው አንድ ሳይቀር ቆሞ ጠበቀው፤ ማንም አልደገፈውም። ሲለማመድበት በሰነበተው ዱላ እየተጎተተ ሄዶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"አሁን እንኳ ያን ሰደርያ አውልቀው፤ ብርቱካን መስለሃል" አልኩት።

"አላወልቅም። ወደ ብስክሌት መንገድ ለመግባት አዳኝ ሁን ተብያለሁ። ሰው ይየው።"

ኦምሌቱ ሲቀርብ በሩ ተከፈተና ጊስላን ገባ። ምርጫ ሲቃረብ ሰው ማቀፍ ይወዳል። "አርማን፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ አብሬህ ልብላ" ብሎ ወንበር ሳበ።

"በምን መጣህ?" አለው አርማን።

"በመኪና። አየኸኝ እኮ።"

አርማን በሹካው መስኮቱን አሳየው።

ጊስላን ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ግን አልነበረም። እኔን አየኝ፣ እኔ ጨው አቀበልኩ። ወጥቶ መስታወቱ ማዶ ቆመ፤ መኪናው ከኋላው፣ ቁልፉ በእጁ። የብረት አጥሩን ዛሬም አላነሣውም፤ እኔም ንዴቴን ከላዩ አላነሣሁም። ኦምሌቱ ግን የዚያን ቀን ከገልባጭ ጎማ ይበልጥ ነበር፣ ቀስ ብለን በላነው።