ወደ ግራ የምትከፈት ጊታር

ከለቀስተኞቹ አንዱ ሲጋራውን በብሎን ጣሳ ውስጥ ተረኮሰ። ጣሳው የሟች ነበር። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ብሎኖች ከአሮጌ ሬዲዮና ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት አንድ በአንድ ተፈትተው፣ በነጭ ጋዝ ታጥበው የተቀመጡ ናቸው። ሰውየው አመዱን በአውራ ጣቱ ጠቅጠቅ አደረገና፣ "አይ ሰው መሆን!" ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ።

ልብስ ሰፊዋ አየችውና ፊቷን አዞረች። ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ እንዲህ ሆናለች፤ ማልቀስ ሲገባት ያቅለሸልሻታል። እንባዋ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ ሻዩን ፉት ሲል ወይ አንዷ በመሀረቧ ስትናፈጥ ትሰማና ተመልሶ ይወርዳል። ጠባቧ ቤት ታጭቃለች። ዝናብ ያራሰው ኮት ይሸታል። ብርጭቆዎቹ ቂጥ ላይ ስኳር ተጋግሯል። አንድ ሳህን ላይ ተነክሶ የተተወ ዳቦ፣ የጥርሱ ምልክት እንዳለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

"ኧረ ትንሽ አልቅሺ እንጂ፣" አሉ አክስቷ ጆሮዋ ሥር ገብተው። ለቅሶ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ሻይ እንደሚደገም ይወስናሉ። "ሰው ምን ይላል? የእናትሽ ልጅ እኮ ነው የሞተው።"

"ደረቀብኝ፣ አክስቴ።"

"እንግዲያው ፊትሽን እንኳ ፍቺው። ቁርጥ ኮሶ ጠጪ መስለሻል።"

ጥግ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሟችን ያነሳሉ። ሹክሹክታቸው ከጩኸት በባሰ ይሰማል።

"ምስኪን፣ ዕድሜውን ከቁራጭ እንጨት ጋር ፈጀው። ትዳር የለው፣ ልጅ የለው።"

"በር ነቅሎ ጊታር ያደርግ ነበር አሉ። ንክ ነገር አልነበረም እንዴ?"

"ኧረ ደህና ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ትንሽ ነው የነካካው።"

በር መንቀሉስ እውነት ነው። የእናታቸውን የቁም ሳጥን በር ነቅሎ፣ በብረት መጋዝ ቆርጦ፣ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር አካል ያወጣው ገና ጢሙን ሳይላጭ ነው። እናታቸው ልብሳቸው በር በሌለው ቁም ሳጥን ተገልጦ ሲያዩ አገር ይያዝ አሉ። ሰፈሩ ያን ጊዜ "ሽቦ" የሚል ስም አወጣለት፤ ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ፣ ኪሱም ከሽቦ ተለይቶ ስለማያውቅ። እሷ ግን ታላቋ ነውና "ጋሼ" ነበር የምትለው።

ሥራው ያለ እሷ አይሆንም ነበር። ድምፁን የሚለቅመው ማግኔት ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ከፀጉር ይቀጥናል። ጋሼ ከተቃጠለ ሞተርና ከሞተ ሬዲዮ ውስጥ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ማግኔቱን የስፌት መኪናዋ ክር መጠቅለያ ላይ ያስረውና፣ "በይ በእግርሽ፣ ቀስ እያልሽ" ይላታል። እሷ መርገጫውን ትረግጣለች፤ እሱ ትንፋሹን ውጦ ሽቦውን በሁለት ጣቱ መሀል ይለቃል። ድንገት ከተበጠሰ ያን ሁሉ ጥምጥም ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። እናታቸው "እናንተ ልጆች ሸረሪት ሆናችሁ ቀራችሁ" ይሏቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ የጊታሩን ክሮች ከኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ከሚሄደው መስመር፣ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሽቦ ይቀራል። እሱ ካልተበየደ፣ ክሮቹ ላይ እጅ ቢያርፍም ድምፅ ማጉያው ማጉረምረሙን አይተውም። ጋሼ ይበይደውና ጊታሩን ጭኗ ላይ ያስቀምጥላታል። "እስኪ እጅሽን አሳርፊበት።" መዳፏን ክሮቹ ላይ ስታሳርፍ ጉርምርምታው ጭጭ ይላል። ያኔ ፈገግ ብሎ፣ "በቃ፣ ሠርታለች፤ እጅሽን አንሺ" ይላል። ይህን ቃል ሳይል ከጓሮዋ የሥራ ክፍል የወጣ ጊታር የለም።

የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። ከሰውየው በፊት ሽቶው ገባ።

"መጣ! መጣ!" አለ የሲጋራው ሰውዬ፣ ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ።

ወርቅ ጣቱ ነበር፤ በትልልቅ አዳራሾች የሚጫወተው ዝነኛው ጊታረኛ። ከኋላው ትከሻ ሰፊው ቤዝ ተጫዋቹ እያጎነበሰ ገባ። አክስቷ ሁለት ሽማግሌ አስነስተው ቦታ ሰጧቸው። ወርቅ ጣቱ ልብስ ሰፊዋን አቅፎ ጉንጯን ሳመ፤ ከንፈሩ እርጥብ ነበር። ዞር ብላ በእጅጌዋ ጠረገችው።

"እግዜር ያጥናሽ። ጎበዝ ጠጋኝ ነበር፣" አለ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። "አንድ ሁለቴ ክር ቀይሮልኛል። ለሙያው ያለው ፍቅር! ተምሮ ቢሆን፣ ትክክለኛ ዕቃ ነክቶ ቢሆን፣ የት በደረሰ ነበር።"

ቤቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ልብስ ሰፊዋ ምላሷ ላይ የመዳብ ጣዕም መጣባት። ትክክለኛ ዕቃ! ይህ ሰው ዝናውን ያገኘባት ጊታር ከእናታቸው ቁም ሳጥን ሁለተኛ በር የተሠራች ናት። የማግኔቷን ሽቦ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እግሯ እየረገጠች ጠምጥማለች። ያን ጊዜ ወርቅ ጣቱ ማንም የማያውቀው ጀማሪ ልጅ ነበር፤ እዚያችው ጓሮ ቆሞ፣ "ሽቦዬ፣ የሰፈር ሥራ መሆኗ ከታወቀ ማንም አይቀጥረኝም" ብሎ ለመነ። ጋሼም ከተሰበረ የውጭ ጊታር ላይ የፋብሪካ ምልክት ፈልቅቆ የጊታሯ አናት ላይ ለጠፈላት። "እግሬን እስክተክል ነው፤ ከዚያ የማን ሥራ እንደሆነች እኔው እናገራለሁ" አለ ወርቅ ጣቱ። እግሩን ተከለ። ቤት ሠራ። መኪና ለወጠ። አልተናገረም።

አንድ ቀን በሬዲዮ ሲጠየቅ "ከባሕር ማዶ ነው ያስመጣኋት" ሲል እሷና ጋሼ ሰምተዋል። እሷ የያዘችውን መቀስ ወረወረች። ጋሼ ግን ፈገግ ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

"አትሰሚም እንዴ ድምፅዋን? እንዴት ጠራች!"

"ጋሼ፣ ስምህን ቀበረው እኮ!"

"ስሜን ማን ይጨፍርበታል? የሚጨፈረው በድምፅዋ ነው።"

ያ ፈገግታው አስጠላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከወርቅ ጣቱ ውሸት ይልቅ የወንድሟ ፈገግታ ነው ለዓመታት ያንገፈገፋት። ሲቀበርም አፈሩን እያየች፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተህ ቢሆን፣ እያለች ነበር። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት በገዛ አፉ እንዲናገር።

ወርቅ ጣቱ ሻዩን ጨረሰና ወደ እሷ ጠጋ አለ። "የጀመራት ጊታር ነበረች አሉ፣ የመጨረሻዋ። ለመታሰቢያ ብትሰጪኝ... ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ።"

"ስጪው እንጂ!" አሉ አክስቷ ጣልቃ ገብተው። "ክብር ነው እኮ፣ የኔ ልጅ! እዚህ አቧራ ከምትጠጣ።"

ሰውየው ምን እንደፈለገ ገባት። የድሮዋ አርጅታለች፤ ሠሪዋ ሞቷል። ግድግዳ ላይ አይሰቅላትም። ተነሳች።

"ጋሼ ያልተፈተሸች ጊታር ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፣" አለች። "ኑ፣ ትፈተሽና ይውሰዷት።"

"በለቅሶ ቤት?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"የሠሪው ለቅሶ ነው፣ አባቴ።"

ወደ ጓሮዋ ክፍል ግማሹ ለቀስተኛ ተግተልትሎ ገባ፤ ለወሬ ማን ብሎት። የተቀረው በር ላይ ተኮለኮለ። ክፍሏ የሙጫና የቫርኒሽ ሽታዋን አልለቀቀችም። መበየጃው እርሳሱ ጫፉ ላይ ደርቆ እንደቀረ፣ ጊታሯ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። ልብስ ሰፊዋ ማጉያውን አበራች፣ ገመዱን ሰካች፣ ጊታሯን አነሳችና ለወርቅ ጣቱ ሳይሆን ለቤዝ ተጫዋቹ ሰጠችው።

"እስኪ አንተ ሞክራት፣ ወንድሜ።"

ቤዝ ተጫዋቹ አንገቷን ያዘ፤ ማንኛውም ጊታረኛ እንደሚያደርገው የድምፁን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞረና መታ። ምንም የለም። ክሮቹ ብቻ ትር ትር አሉ። እንደገና መታ።

"ሞታለች። ሽቦዋ አልተያያዘም መሰለኝ።"

"ምን ይደረግ፣ ሳይጨርሳት ሄደ፣" አለች በር ላይ ያለች ሴት፣ እንባ ባረገዘ ድምፅ።

ልብስ ሰፊዋ ምክንያቱን ታውቃለች። ጋሼ ሙያውን የሰረቀው አንድ ሰው ለጥገና ካመጣው ጊታር ነው። ጀርባውን ከፍቶ አየው፤ ከጀርባ እንዳየው አድርጎም ከፊት ገጠመው። ቀኝና ግራው ተገለባበጠ። "ጋሼ፣ በተቃራኒው ነው እኮ የሚከፈተው" ስትለው ጥቂት አሰበና፣ "ቧንቧስ ወደ የት ነው የሚከፈተው? ወደ ግራ አይደል? ድምፅም ይፈሳል" አላት። ከዚያ ወዲያ የሠራት እያንዳንዷ ጊታር እንደ ውሃ ቧንቧ ወደ ግራ ትከፈታለች። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ጊታር የሚሠራ ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ።

ወርቅ ጣቱ ትዕግሥቱ አለቀ። ዕቃዋን ሲመኛት ቆይቷል፤ ልብስ ሰፊዋም ይህን ታውቃለች። "አምጣ ወዲህ፣ እንዲህ አይደለም የሚያዘው" ብሎ ነጠቀው። ዓይኑ ከሰዎቹ ላይ ሳይነሳ፣ ትንሿ ጣቱ ማዞሪያውን አቀፈችና ሳብ አደረገችው። ወደ ግራ።

ጊታሯ ጮኸች። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ በር ላይ የቆሙት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወርቅ ጣቱ ለአፍታ ራሱን ረስቶ ሌላ ክር ደገመ። ፊቱ በራ።

"እንዴ!" አለ ቤዝ ተጫዋቹ። የዋህ ሰው ነው፤ ያሰበውን ይናገራል። "ወደ ግራ? እንዳንተዋ ማለት ነው? ያንተዋ ወደ ግራ የምትከፈተው የባሕር ማዶ ሥራ ስለሆነች ነው ስትለን አልነበር?"

ወርቅ ጣቱ ገና ማዞሪያው ላይ ያለችውን ጣቱን አያት። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

"በአጋጣሚ..." አለና ከአፉ አልወጣ አለው። ቁልቁል እያየ አጉተመተመ። "እሱ ነው... የኔዋንም እሱ ነው..."

"አልተሰማም፣" አለች ልብስ ሰፊዋ። አንቱታውንም ያኔ ጣለችው። "ከፍ አድርገው። ወደ ግራ ነው።"

"የኔዋንም እሱ ነው የሠራት!" ብሎ ጮኸ። "ሽቦ ነው የሠራት! በቃ?"

ጊታሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወራት ማለት ይቻላል። ሰዉን በትከሻው እየገፋ ወጣ። ሽቶው ቀረ።

እሷ ደስ እንዲላት ጠበቀች። ለቀስተኞቹ ግን ጊዜ አልሰጧትም። "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" አለ የሲጋራው ሰውዬ። "ምን መጠርጠር ነው? የእጅ ሥራው ያስታውቅ ነበር እኮ" አለ ንክ ነው ያለው ጎረቤት። አክስቷ ደረታቸውን ነፍተው፣ "እኛማ ቤተሰቡ መች አጣነው! የታላቅ ሰው ዘር ነን፤ ዝም ያልነው ለጨዋነት ነው" አሉ። የቁም ሳጥኑ በር አሁን የተባረከ በር ሆነ። አንዱ እንዲያውም በልጅነቱ መጋዙን ይዞለት እንደነበር ማለ። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ያ ሁሉ ዓመት የተመኘችው ይህን ነው? ጋሼ ይህን ቀድሞ አይቶት ኖሯል፤ የፈገገው ለዚህ ኖሯል። የነዚህ ሰዎች ጭብጨባ ምን ያደርግለታል? እሱ የፈለገው ድምፅዋን ነበር፤ አግኝቷል።

"ውጡልኝ፣" አለች።

"ምን አልሽ?" አሉ አክስቷ።

"ሻይ ቀርቧል። ሂዱ ጠጡ። ውጡልኝ።"

እየተጎሻሸሙ ወጡ። ወሬያቸው በጓሮው አልፎ ወደ ቤት ገባ፤ ብርጭቆ ሲንኳኳም ተሰማ። እሷ በሩን ዘጋች።

ወርቅ ጣቱ ማዞሪያውን ከፍቶት ነው የሄደው። ማጉያው ያጉረመርማል። ጋሼ ቢኖር ጊታሯን ገና እንደማይለቃት ታውቃለች፤ ቃሉ አልተባለላትም። በርጩማዋን ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ጊታሯን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። መዳፏን ከፍታ ክሮቹ ላይ አሳረፈች።

ጉርምርምታው ጭጭ አለ። ሽቦው በደንብ ተበይዷል። እጇን እንድታነሳ እስኪነግራት ጠበቀች። መበየጃውን አየች፣ የብሎን ጣሳው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች፣ ጠበቀች።

የነገራት የለም። እጇንም አላነሳችም።