ውሃው የቆመበት ጥግ

ሹፌሩ አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ አልጋው ሳሎን ውስጥ፣ ከዓሣው ገንዳ ፊት ለፊት ተዘርግቷል። ስትሮክ የሚሉት በሽታ የጣለው መሪ ጨብጦ ሳይሆን ቤቱ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ቃልም ጠፋው። ዕድሜ ልኩን በአውቶቡስ መስታወት አገር ሲያይ የኖረ ሰው፣ አሁን የሚያየው ይህን አንድ የገንዳ መስታወት ብቻ ሆነ። ገንዳውን ያቋቋመው ራሱ ነበር። ተክሎቹን በወረንጦ እየያዘ አንድ በአንድ የተከለ፣ የጣት ጫፍ የሚያካክሉትን ዓሦች መርጦ ያመጣ እሱ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስታወቱን ከመወልወል በቀር ስለ ውስጡ አታውቅም ነበር።

ማጣሪያው ውሃ የሚተፋው በቀኝ በኩል ነው። ተክሉ እየበዛ ሲሄድ በግራው ጥግ ያለው ውሃ ቆመ። እዚያ ያሉት ሰፋፊ ቅጠሎች ጥቁር ፀጉር የመሰለ አልጌ አወጡ፤ ከሥር ያሉትም መበስበስ ጀመሩ። ለተኛው ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ያ ጥግ ነበር። አንድ ጠዋት ሚስቱ ሾርባ ልታጎርሰው ስትቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የመከረኛው ሾርባ በረደ።

የባሏ ታላቅ እህት ይህን ቆመው ያያሉ። ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው።

«ገንዳውን ለሰው ስጪውና ተገላገይ» አሉ። «ወንድሜን ማገላበጡ አንሶሽ ዓሣም ልታስታምሚ ነው? ያልተሰፋው ልብስ እኮ ተቆልሎ ጣሪያ ሊነካ ነው!»

«አልሰጥም እትዬ።»

«ለምን?»

«ሌላ ምን ቀረው? እኔ በሕይወት እያለሁ ዓይኑ ሥር የበሰበሰ ነገር አይቀመጥም።»

እትዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እንግዲህ እልህሽና አንቺ ተያያዙት።»

ልብስ ሰፊዋ በዚያው ቀን የዓሣ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ውሃ ቆሟል ስትለው ብዙ ሳይጠይቅ ትልቁን ፓምፕ ከመደርደሪያው አወረደ። «ጉልበታሙን ውሰጂ እህቴ። ይሄ ካለ የሚቆም ውሃ የለም።»

እውነቱን ነው፤ የቆመ ነገር አልተረፈም። ፓምፑን እንደሰካችው አሸዋው ተቆፈረ፣ ተክሉ አውሎ ነፋስ እንደመታው ተጋደመ፣ ሥሩ ያልያዘው ተነቅሎ ተንሳፈፈ። ትንንሾቹ ዓሦች ተጠርገው ከማጣሪያው አፍ ላይ ተለጠፉ። ሹፌሩ በጉሮሮው አቃሰተ። ሶኬቱን ነቅላ ዓሦቹን በእጇ አላቀቀቻቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው፤ እሷም እጇ እስከ ክርኗ ርሶ የተነቀለውን ስትለቅም ዋለች።

በማግስቱ መልሳ በትንሹ ለወጠችው። ትንሹ ደግሞ አመሉ ሌላ ነው። ከመስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ማንቋረር ያዘ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የመድኃኒት ብርጭቆ ተንቃጨለ። ሹፌሩ ከምሳ በኋላ የሚያገኛትን እንቅልፍ አጣ።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» አሉ እትዬ ጆሯቸውን ይዘው። «ውሃውን ትቶ ቤቱን አናወጠው!»

ያን ጊዜ የሹፌሩ ከንፈር በአንድ ወገን ብቻ ወደ ላይ ተሳበ። እየሳቀ ነበር። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ ቢመጣም ዋጥ አድርጋ ትንሹን ፓምፕ ነቀለችና ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አሁንስ መላውን ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ» አለች።

ሳይለኩ መቁረጥ ለደንበኛ የማታደርገው ነገር ነው፤ ለራሷ ቤት ግን ሁለት ጊዜ ያለ ልክ ቆርጣለች። ከስፌት ሳጥኗ ቀይ ክር አወጣች። አጫጭር አድርጋ ቆረጠችና ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በተክሎቹ ግንድ ላይ አሰረች። በማጣሪያው በኩል ያሉት ክሮች ተዘርግተው ዋኙ። መሃል ላይ ያሉት ትንሽ ይነቃነቃሉ። በግራው ጥግና ከጥቅጥቁ ተክል ጀርባ ያሉት ግን ዝም ብለው ተንጠለጠሉ። የጎደለው ጉልበት ሳይሆን መዳረስ መሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሱቁ ስትመለስ እትዬም ተከተሏት።

«ጉልበቱን ተወው ወንድሜ» አለችው ባለሱቁን። «አፉ ሰፊ ሆኖ ውሃውን በዝግታ አስፍቶ የሚገፋ፣ ፍጥነቱም የሚቀነስ። ዓሦቹ ደቃቅ ናቸው፤ በሚስብበት በኩል ወንፊት ይኑረው። ደግሞ ድምፁን አልፈልግም፤ ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ።»

«መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ!»

«መጀመሪያውኑ ብትጠይቀኝ ኖሮ!» አለች፤ እሱም ሳቀና ሁለት ዓይነት አመጣ።

«ባልዲ ውሃ ሙላልኝ» አለች። አንደኛውን ባልዲው ውስጥ አስነሱት። መዳፏን ከባልዲው ጎን ለጠፈች፤ ንዝረቱ እጇ ላይ ደረሰ። «ይሄ ይቅር።» ሁለተኛው ሲነሳ መዳፏ ምንም አልተሰማውም። እትዬ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። «በል ሰካው እንጂ!» አሉ። ባለሱቁ በጣቱ ወደ ውሃው አሳያቸው፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይዞር ነበር።

ቤት ገብታ ፓምፑን በግራው ጥግ፣ ፊቱን ወደ ተክሎቹ አድርጋ ለጠፈችው። ከፊቱ ያሉት ክሮች ተንቀሳቀሱ፤ ከተክሉ ጀርባ ያሉት ግን አሁንም ዝም። ከማጣሪያው የሚመጣው ውሃና የፓምፑ ውሃ መሃል ላይ ፊት ለፊት እየተጋጩ ነበር። ፍጥነቱን ጨመረች፤ ባሰበት።

«እእ!» አለ ሹፌሩ። በግራ እጁ አልጋውን መታ።

«ምነው? ውሃ ልስጥህ?»

አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን አየር ላይ አንስቶ የሌለ መሪ ጨበጠና አዞረ።

«ውይ በሞትኩት፣ መንዳት አማረው!» አሉ እትዬ።

ልብስ ሰፊዋ እጁን አየች፤ ፓምፑን አየች። «ወደ ፊተኛው መስታወት ላዙረው?»

አዎ ለማለት ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። የፓምፑን አፍ ትንሽ አዞረች። እጁ አሁንም አዙሪ ይላል። ጨመረች። መዳፉን ገትሮ ሲያስቆማት ለቀቀችው። የፓምፑ ውሃ በፊተኛው መስታወት ታክኮ ወደ ቀኝ ነጎደ፤ የማጣሪያው በኋላ በኩል ወደ ግራ መጣ፤ ልክ እንደ ሁለት መስመር መንገድ ተላለፉ። ከተክሉ ጀርባ አንድ ክር ተነቃነቀ። ቀጥሎ ሌላው። በመጨረሻ የጥጉ ክር ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

«ተንቀሳቀሰ!» ብለው እትዬ ጮኹ፤ ልብስ ሰፊዋ የባሏን እጅ ያዘች። እጁም መልሶ ያዛት።

የበሰበሰውን ቅጠል ቆርጣ ለማጥራት ብዙ ቀን ፈጀባት፤ አልጌውም በአንድ ጀምበር አልለቀቀም። ነገር ግን ተስፋ የቆረጠችበት ግንድ ከጎኑ አዲስ ቅጠል አወጣ፣ ዓሦቹም ወደዚያ ጥግ መሄድ ጀመሩ። የሹፌሩ ቃል ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ አንዳንዱ መጣ፣ አንዳንዱ ቀረ። እትዬ ስለ መስጠት ዳግም አላነሱም፤ እንዲያውም የዓሦቹን ምግብ አበዛሽ አሳነስሽ እያሉ ይጨቀጭቃሉ። ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን ከጓዳ አስወጥታ ከአልጋው አጠገብ አስተከለችው፤ የተቆለለውንም ልብስ ከላይኛው ጀመረች።