የቀኝና የግራ ሽቦ

«ማኅሌትን ሙሉውን የሚሰማው መሐል የቆመ ሰው ነው።»

ይህን ስሰማ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከገሳይ ከተማ ወዲያ ባለችው የገጠር ደብራችን ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሁለት ሰዎች የደጀ ሰላሙን ግንብ ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ያወጉ ነበር፤ አባቴ ቀኝ ጌታ ባምላኩና ባልንጀራቸው ግራ ጌታ ሞላ። እኔ በአባቴ ጋቢ ጫፍ ተጠቅልዬ የተኛሁ መስያለሁ።

«እኛማ ቀኝና ግራ ቆመን የየራሳችንን ወገን ብቻ ነው የምንሰማ።»

«መሐል ያለው ከበሮ መቺው አይደል? እሱ ደግሞ በገዛ ከበሮው ደንቁሯል!»

ተሳሳቁ። ከዚያ አንዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ቀን እንኳ ከመሐል ሆኜ ሳልሰማው መሞቴ ነው» አሉ። ሌላው አንድ ነገር መለሱላቸው። ምን እንደ መለሱ ግን አልሰማሁም፤ የውሸት እንቅልፌ እውነተኛ ሆኖ ወሰደኝ። ያንን ያሉት ማንኛቸው እንደ ነበሩም ዛሬ በትክክል አላስታውስም። ልቤ ግን ዘወትር አባቴ ናቸው ይለኛል።

በማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት። የቀኙን ረድፍ አባቴ አርባ ዓመት መሩት። ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ግራ ጌታ ሞላ ካረፉ አምስት ዓመት፣ የአባቴ ጉልበት ከከዳቸው ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር እኔ ቤት ናቸው። መቆም ካቃታቸው ጀምሮ በቤትም እንኳ አንዲት ዜማ ከአፋቸው አልወጣም። ዳዊታቸውን በከንፈራቸው ይደግማሉ፤ በቃ።

በየወሩ አራት ጎልማሳ መዘምራን ከገሳይ ተሳፍረው ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ስመው፣ «የኔታ፣ የደብራችንን ወረብ ከሥሩ የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር የቀረ የለም። ያስተምሩን» ይሏቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው። «አቋቋም ተቀምጦ አይሰጥም። የተሰበረ ጸናጽል ምን ያደርግላችኋል?» ሰዎቹ ተሳልመው ይመለሳሉ። ሚስቴ አሰፋሽ ለመንገዳቸው ዳቦ ትጠቀልልላቸዋለች። እኔ ከበር ቆሜ እሸኛቸውና፣ አባቴ ሲያልፉ ይህ ሁሉ አብሮ አፈር ሊገባ ነው እያልሁ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ግን በእጄ አለ። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ በመሩበት ክብረ በዓል፣ አስፈቅጄ፣ ሁለት ጆሮ ያላትን ትንሽ መቅረጫ በሁለቱ ረድፎች መሐል ካለው አትሮንስ ላይ አስሬያት ነበር። አንደኛው ጆሮዋ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ቅጂውን በስልክ ባሰማቸው፣ «ይኸ ጢንዚዛ ነው» አሉኝ። የጆሮ ማዳመጫ ባቀርብላቸው፣ «ጆሮዬ ውስጥ ቡሽ አልወትፍም» አሉ።

እኔ ይሻው እባላለሁ። ወፍጮ ቤት አለኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማዳመጥን ግን ወፍጮው አስተምሮኛል። ድንጋዩ መወቀር ሲፈልግ ድምፁ ይደነዝዛል፤ የሞተሩ ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ያፏጫል። ሌላው ሰው ዱቄቱን ሲያይ እኔ ድምፁን እሰማለሁ። እህል በቀነሰ ቁጥር ስለ ድምፅ የተጻፈውን ከስልኬ እያነበብሁ፣ ያልገባኝን እየዘለልሁ፣ የዘለልሁትን በዓመቱ ተመልሼ እያነበብሁ ሰባት ዓመት ቆየሁ። አንድ ቀን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ ሁለት ስፒከርና አንድ ወንበር በትክክል ከተቀመጡ፣ ድምፁ ከሁለቱም ሳይሆን ከመሐላቸው፣ ከባዶው አየር ይወጣል። ስልኩን አስቀምጬ አማተብሁ። መሐል የቆመ ሰው! ያን ቀን ወፍጮ ቤቱን በጊዜ ዘጋሁ።

ስፒከሮቹን ከፋሲካ በፊት ገዛሁ፤ ወገብ የሚደርሱ ሁለት፣ ትናንሽ ሦስት። የሸጠችልኝ ብርቱካን ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ኩዌት ሠርታ ተመልሳ ከዋናው መንገድ ዳር ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሱቅ የከፈተች። ሪሲቨሩና ሽቦው ቀሩኝ። ሪሲቨር ስል የዲሹን ሳጥን አይደለም፤ ድምፁን ተቀብሎ፣ አጎልብቶ፣ ለአምስቱም ስፒከር የሚያካፍለውን ነው።

«ጋሼ ይሻው፣ ዛሬስ ቆርጠው መጡ ወይስ እንደ ልማድዎ አሽትተው ሊሄዱ ነው?» አለችኝ ገና ከበሩ ስደርስ።

«ዛሬ ቆርጫለሁ።»

«ባለፈው ሐሙስም ቆርጠው ነበር።»

ሁለት ሪሲቨር ደረደረችልኝ። አንዱ አዲስ ነው፤ ፊቱ ላይ ሰማያዊና ቀይ መብራት ይጨፍራል፤ በካርቶኑ የተጻፈው የዋት ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥር ረዝሟል። ሌላው ጥቁር፣ ያረጀ፣ ማዕዘኑ የተላጠ።

«አዲሱን ይውሰዱ። ሠርግ ቤት ያስጨፍራል።»

አዲሱን በአንድ እጄ ባነሣው እንደ ባዶ ጣሳ ብድግ አለ። አሮጌውን በሁለት እጄ ስሞክር ወገቤ ተንቋቋ።

«ብርቱካን፣ የኔን የወፍጮ ሞተር ስንት ሰው ያነሣዋል ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ? አራት?»

«ስድስት። ቀላል ሞተር እህል አይፈጭም። ኃይሉ ሆዱ ውስጥ ከተጠመጠመው መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ይከብዳል። ይኸኛው ዋቱን ካርቶኑ ላይ ነው የያዘው፤ ያኛው ሆዱ ውስጥ።»

ሁለቱንም በየተራ ከስፒከር ጋር አገናኘችልኝ። ድምፁን እስከ ግማሽ ከፈትሁና ምንም ዘፈን ሳይኖር ጆሮዬን ከስፒከሩ ለጠፍሁ።

«ምን ይሰማሉ? ምንም አልከፈትኩም እኮ!»

«እሱኑ ነው የምሰማው። ዝም ሲባል ዝም ማለት ይችል እንደሆን።»

አዲሱ እንደ ዝንብ ያንዛዛል። አሮጌው ግን ጸጥ! ቃጭል ከመመታቱ በፊት እንዳለው ጸጥታ።

«ማዳሜ ቤት የነበረው ልክ ይኸን ነው የሚመስል» አለች፣ የአሮጌውን ጀርባ እያሻሸች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጌያለሁ። ሽቦውን ነቅዬ፣ ወልውዬ፣ መልሼ እሰካለሁ፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንድ ቀን አሳስቼ ብሰካ ባልየው ከፎቅ ጮኸብኝ። ዘፈኑ እየዘፈነ እኮ ነው! እንዴት እንዳወቀብኝ እግዜር ይወቅ።»

ሳቅሁላት እንጂ ልብ አላልኋትም።

ሽቦ ደግሞ መጀመሪያ ያመጣችልኝ የሚያብረቀርቅ፣ በጠራ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነበር። ጫፉን በቢላዬ ፋቅ ባደርገው ከቀዩ መዳብ ሥር ነጭ ብቅ አለ።

«ይኸማ አልሙኒየም ነው፤ መዳቡን የተቀባው እንደ ሽበት ቀለም ነው።»

«ውይ! እኔንም እንዲሁ አታለውኛል ማለት ነው!» ብላ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቅል ጎተተች። ቀይና ጥቁር፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ክሮች የተገመደ፣ ውፍረቱ ባለ ሁለት ነጥብ አምስት ካሬ ሚሊሜትር። ፋቅሁት፤ ቀይ። ጠልቄ ፋቅሁት፤ አሁንም ቀይ። የቀረው ግን አሥራ አራት ሜትር ብቻ ነበር። በልቤ ሳሎኔን ለካሁት። ቡፌው ከተነሣ ይበቃል። ቡፌው ከተነሣ።

«ቡፌው አይነካም» አለች አሰፋሽ። «የሠርጌ ቡፌ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ግድግዳ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ለሽቦ ብዬ?»

«ሁለቱ ስፒከሮች ከወንበሩ እኩል—»

«እኩል እኩል አትበለኝ። አንተን ያገባሁህ እኩል ሆነህልኝ ነው?»

«ለድራማሽም እኮ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከኋላሽ ሲዘንብ ትሰሚዋለሽ።»

«ከኋላዬ የሚዘንብ ጣሪያው አለልህ። መጀመሪያ እሱን ድፈነው።»

አባቴ ከጥግ ወንበራቸው ሆነው የዳዊታቸውን ገጽ ገለጡ።

ምን ላድርግ? የግራውን ሽቦ በቡፌው ዙሪያ አዞርሁት። ሦስት ሜትር አጠረ። ከወፍጮ ቤት የተረፈ ገመድ አመጣሁና ከቡፌው ኋላ እጄን አሾልኬ፣ ሳላይ፣ በዳሰሳ ቀጠልሁት። የወፍጮ ቤቱ ገመድ ቡናማና ሰማያዊ ነው። ለአምፖል ቢሆን ምን ቸገረው? ቢገለበጥም ይበራል። የስፒከር ሽቦ እንደዚያ እንዳልሆነ አንብቤ ነበር፤ እጅ ግን የለመደውን ይሠራል። ያገኘሁትን ካገኘሁት ጠምዝዤ በናስትሮ ጠቀለልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአባቴን ወንበር ከሳሎኑ መሐል አስቀመጥሁ። በሲባጎ ለክቼዋለሁ፤ ከቀኙም ከግራውም አንድ ነው። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው።

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ትንሽ ይቀመጡልኝ፣ አባባ።»

በስመ ሥላሴ ብዬ ቁልፉን ተጫንሁ።

ጸናጽሉ ከወዲህም ከወዲያም ተንጫጫ። ያ ብቻ። ሲዘምሩ ድምፃቸው የት እንዳለ አይታወቅም፤ እንደ ጉም በቤቱ ተበትኗል። ሆድ የለውም። መሐሉ ባዶ ነው።

«ይኸ ነው?» አለች አሰፋሽ። «ታዲያ ከስልኩ በምን ተሻለ?»

አባቴ እጃቸውን አነሡ። «ዝጋው።»

ዘጋሁት። ሰባት ዓመቴ በዚያች ጸጥታ ውስጥ ሲያልቅ ተሰማኝ።

«ከበሮው የት ሄደ?» አሉ አባቴ።

«እ?»

«ያን ዕለት ከበሮውን የያዘው እሸቴ ነበር። እሸቴ መትቶ ከበሮ ሳይሰማ? እስቲ መልሰው።»

መለስሁት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ተጣልተዋል» አሉ። «ቀኙ ሲያነሣ ግራው ይጥላል፤ ቀኙ ሲገፋ ግራው ይስባል። እንዲህ ያለ ሽብሸባ መሐሉን ባዶ ያደርገዋል። ግራዎቹን ያቆማቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያሳትኻቸው አንተ ነህ።»

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር! የብርቱካን ቃል ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ዘልዬ ወደ ቡፌው ሄድሁ፤ መጋጠሚያው ከኋላው ነው። አሰፋሽን አየኋት። እሷ ደግሞ አባቴን ታያለች። በአንድ ወር ያልተናገሩትን ቃል በአንድ ደቂቃ ተናግረዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ጣታቸው የወንበሩን ክንድ ይመታል።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችኝ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች። «ያዝ በዚያ በኩል!»

ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ቡፌ እያቃሰተ ተነሣ። ከኋላው የሃያ ሁለት ዓመት አቧራና፣ ጠፍቶ የቤቱ ሰው ሁሉ የተጠረጠረበት አንድ የሠርግ ማንኪያ ወጣ። ቡፌው ሲነሣ ሽቦው በቀጥታ ደረሰ፤ መቀጠልም አላስፈለገው። የወፍጮ ቤቱን ገመድ ቆርጬ ጣልሁ። ቀይ ከቀይ። ጥቁር ከጥቁር።

ቁልፉን ተጫንሁ።

መጀመሪያ ከበሮው መጣ። ከቀኝ አይደለም፣ ከግራም አይደለም፤ ከፊታችን፣ ከባዶው ወለል። የቡፌው ብርጭቆዎች ተርገፈገፉ፤ አሰፋሽ እንኳ ልታያቸው አልዞረችም። ከዚያ ቀኙ አነሣ፤ አባቴ ናቸው፣ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው። ግራው ተቀበለ። ሁለቱ ሲገናኙ ግድግዳችን የፈረሰ መሰለኝ። ከዝናቡም፣ ከድራማውም፣ ካነበብሁት ሁሉ በላይ ነበር። «ተመስገን» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁም።

አባቴ እጃቸውን ሰደው ከግድግዳው የተደገፈውን መቋሚያቸውን አነሡ። ወለሉን መታ፣ መታ አደረጉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከንፈር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ድምፅ ነበረው። አሰፋሽ ማንኪያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች።

ድንገት መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ። «አቁም! ወደ ኋላ መልሰው።»

መለስሁ።

«ሰማህ? እዚች ላይ አንዱ ቸኩሏል። ከቀኝ ነው። ማነው እሱ? እንደገና።»

ሦስት ጊዜ መለስሁላቸው። በሦስተኛው ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

«እኔ ነኝ! አርባ ዓመት ሙሉ እዚች ላይ ስቸኩል ኖሬያለሁ። ሞላ ሲነግረኝ ቅናት ነው እለው ነበር።»

እኔም አርባ ዓመት የያዝሁትን ጠየቅሁ። «አባባ፣ ያኔ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጣችሁ፣ ‹አንድ ቀን ከመሐል ሆኜ ሳልሰማው መሞቴ ነው› ያሉት እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ? ኧረ ሞላ ነው።»

«እርስዎስ ምን መለሱላቸው?»

የተቀመጡባትን ወንበር አዩ፤ ቀኙን ስፒከር አዩ፤ ግራውን አዩ።

«‹መሐል ተቀምጦ መስማት የሰነፍ ነው› አልሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍሱን ይማረው። ቆሜ ያልሰማሁትን ይኸው ተቀምጬ ሰማሁት።»

አሰፋሽ ማንኪያውን በነጠላዋ እየወለወለች ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቡፌውን ወደ ቦታው እንዳትመልሰው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው ከመጣ መቆሚያ ይጠበዋል።»

አባቴ ሰምተዋታል። መቋሚያውን ከጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ለእነዚያ ለገሳይ ሰዎች ደውልላቸው» አሉኝ። «ነገ ሰኞ ይምጡ። ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ አቆማቸዋለሁ። እኔ ግን ከዚች ወንበር አልነሣም።»