አርባ ቃል የምታውቅ አህያ

ሬዲዮ የሚሉት አናጢ አፉ ሥራ አይፈታም ነበር። እጁ እንጨት ሲልግ ምላሱ ሰው ይልጋል። ከሁሉ በላይ የሚልገው ግን የተወለደበትን ክፍለ ሀገር ነው። ምሳ ተበልቶ የእንጨት ቤቱ ሠራተኞች ሰጋቱራው ላይ ጋደም ሲሉ ጉሮሮውን ይጠርግና እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ያጎረንናል።

«ይህን ያውቁ ኖሯል? በእኛ አገር አንድ ትልቅ ድልድይ አለ። ሪባን ተቆርጦ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው ወንዙ መረሳቱ የታወቀው። አሁን ወንዙ ለመጪው ዓመት በጀት ተይዞለታል!»

ሳቁ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል።

«ይህንንስ? የእኛ አገር ሰው ሌባ ሲያባርር ቀድሞት ያልፋል። ከዚያ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።»

ሁሉም ከገዛ ራሱ የፈለሰፈው ነው። ማንም ‹ተው› ያለው የለም፤ ሰው የገዛ ጀርባውን ቢያክ ማን ምን አገባው?

በሳቁ መሀል የማይገኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ። ሬዲዮ ገና በልጅነቱ አክስቱ ዘንድ ለትምህርት ተልኮ ከተማ ሲያድግ፣ ታላቁ አገር ቤት ቀርቶ አርሷል፣ አባታቸውን አስታሟል፣ ቀብሯል። ከዚያ ብቻውን ሲቀር ታናሹን ተከትሎ መጣና መጋዝ ማሽኑ ላይ ተቀጠረ። ጉልበቱ የበሬ ነው፤ ቃል ግን ይቸግረዋል። አንድ ነገር ሲጠየቅ ጆሮውን ያካል፣ ጣራውን ያያል፣ ግማሹን መልሶ ግማሹን ይውጠዋል። በቀልዱ ሰዓት ፊቱን አዙሮ የማሽኑን ጥርስ ይወለውላል። ሬዲዮ የማሽኑ ጩኸት ያደነቆረው ይመስለው ነበር።

ከሁሉ ጮክ ብሎ የሚስቀው ቫርኒሹ የሚሉት ቀለም ረጪ ነው። አገሩ ሌላ ነው። ቀልዶቹን አንድ በአንድ በቃሉ ይዞ ለደንበኛውም፣ ለበረኛውም፣ ለመጠጥ ጓደኞቹም ያወራቸዋል፤ እንዲያውም ከባለቤቱ አሳምሮ። ሬዲዮም በዚህ ይኮራ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቁም ሳጥን ያዘዘ ደንበኛ መጣ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት እትዬም አብራው ገባች። ሰውየው መጋዙ ዘንድ ቆሞ፣ «የቁም ሳጥኑ በር መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲል ታላቅየውን ጠየቀው። ታላቅየው ማሽኑን ሳያጠፋ ጆሮውን አከከ፤ ጣራውን አየ።

«እ… እሱ እንኳ… እንጨቱ ካልደረቀ…»

ቫርኒሹ የቀለም መርጫውን እንደያዘ ጣልቃ ገባ። «ይታገሡት ጌታዬ! በእነሱ አገር አህያ አርባ ቃል ታውቃለች፤ ጌታዋ ሠላሳ ስምንት። ይኼኛው ደግሞ ገና ሃያም አልሞላ!»

ደንበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬም ሳትፈልግ ጥርሷ ታየ። ታላቅየው የወደቀ ሚስማር እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ደፋ።

የአህያዋን ቀልድ የፈጠረው ሬዲዮ ራሱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት፣ እዚያው ሰጋቱራው ላይ። አሁን ግን ከሌላ ሰው አፍ፣ ወንድሙ ፊት ላይ ሲወረወር ሲያየው ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። ያነሳውን መዶሻ መቼ እንዳነሳው አላወቀም። ከመሥሪያው ጠረጴዛ ወርዶ፣ «ምን አልክ? ድገመው!» አለ።

ለቫርኒሹ ሬዲዮ የሚቀልድ መሰለው። እየሳቀ፣ «ሃያም አል…»

የእንጨት መዶሻው አገጩን ከጎን አገኘው። እንደ ደረቅ ጣውላ ቀጭ አለ። ቫርኒሹ ዞሮ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ከአፉ ደምና አንድ ጥርስ ተፋ። ከዚያ እጁ የያዘውን አስታወሰና መርጫውን ሬዲዮ ዓይን ላይ ለቀቀው።

ሬዲዮ እሳት የገባበት ያህል ጮኸ። ዓለም ጨለመበት። ዕውር ድንብሩን እጁን ሲያወናጭፍ ቴስታ ግንባሩ ላይ አረፈበትና ኮላ የሚቀባበት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ወደቀ። ቫርኒሹ ላዩ ላይ ወጣ። ቡጢው እንደ በረዶ ወረደ፤ ሬዲዮም እየታነቀ በጥርሱ ያገኘውን ያዘ፤ ጆሮ ነበር፤ የጨው ጣዕም አፉን እስኪሞላው አልለቀቀም። ሠራተኛው ይጮኻል፣ እትዬ ትጮኻለች፣ ደንበኛው ሮጦ ወጥቷል። ቫርኒሹ ጆሮውን አስጥሎ ሲነሳ እጁ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መሮ ጨበጠ።

ታላቅየው ማሽኑን አጠፋ። አልሮጠም፤ ሁለት በሬ እንደሚገላግል ሰው ደረቱን አስቀድሞ መሀላቸው ገባ። ለሬዲዮ የተሰነዘረው መሮ የእሱ ጎን ውስጥ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ እስከ እጀታው ገባ።

«እህ» አለ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰጋቱራው ሥሩ እየቀላ ሄደ።

ሬዲዮ በአንዱ ዓይኑ ብዥ ብሎ ያየው ይህንን ነው። መዶሻውን ከወደቀበት አነሳና መሮውን የሰነዘረውን ክንድ ሰበረው። እንደገና አነሳ። ጭንቅላቱን ሊለው ሲል ሦስት ሰዎች ተረባርበው መሬት ላይ አጣበቁት፤ ባይሆን ኖሮ የዚያን ዕለት ነፍስ ያጠፋ ነበር። ሮጦ የወጣው ደንበኛ ተመልሶ ቁስለኛውን በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሰው። የቫርኒሹን አገጭና ክንድ ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ያለ ክሊኒክ አስሮ መለሰውና፣ ሁለቱን ተደባዳቢዎች ፖሊስ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጋባቸው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ሲሚንቶ፣ አንድ ባልዲ፣ ከላይ የብረት መስኮት። በማግስቱ ከሰዓት አንድ ዘበኛ በመስኮቱ እያየ ለጓደኛው፣ «ከሐኪም ቤት የተደወለው ለእነዚህ ነው መሰለኝ፤ በስለት የተወጋው ሰውዬ አልፏል አሉ» ሲል ሁለቱም ሰሙ።

ሬዲዮ ተነሳና በሁለት እጁ የቫርኒሹን ጉሮሮ ያዘ። ቫርኒሹ አገጩ ታስሯል፤ መጮህም መለመንም አይችልም። በደህና እጁ ፊቱን ቧጨረው፣ በጉልበቱ ሆዱን መታው፤ ሬዲዮ ግን አውራ ጣቱን ጨምሮ ጫነ። የሰውየው ዓይን ፈጠጠ፣ እንባ ወረደው። እንባው የሬዲዮ እጅ ላይ ሲደርስ ትኩስ ነበር። ያኔ በሩ ተበርግዶ ዱላ ጀርባው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ጣቶቹ ላይ ወረደ። ሁለት ጣቱ እስኪሰበር አልለቀቀም።

የሞተው ሌላ ሰው ነበር። ዘበኛው ይህንን የነገረው እንደ ዋዛ፣ ካቴና እያሰረለት ነው። «ያንተ ወንድም እንኳ አለ። ለዓይንህ ስንወስድህ ታየዋለህ።»

ሐኪም ቤት ሲደርስ ወንድሙ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ታላቅየው ከአፍንጫው ቱቦ ወጥቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ተጋድሟል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድምጋሼ» አለ ሬዲዮ፣ «ልገድልልህ ነበር እኮ። ለጥቂት ነው ያመለጠኝ።»

ታላቅየው ጣራውን አየ። «ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ያዋረደህን!»

«እሱ ምን አደረገ? የሰማውን ነው ያወራው።» አረፈ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እሱ ሲለው አልከፋኝም። ባዳ ነው። የሚከፋኝ አንተ ስትለው ነው።»

«ቀልድ ነው እኮ ወንድምጋሼ! ስለ አገሩ ነው፤ ስለ ራሴ ነው!»

«አንተ አገሩን መቼ አወቅኸው? በልጅነትህ ነው የወጣኸው። እዚያ የቀረሁት እኔ ነኝ። ድልድዩም፣ ሌባውም፣ አህያዋም… የምታወራው ሰውዬ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት።»

ሬዲዮ በታሰሩ እጆቹ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል የተሰበሩት ጣቶቹ አንገበገቡት። ታላቅየው ያንን አይቶ፣ «ደግሞ እጅህን ምን ሆንክ?» አለው፤ የሕፃን ልጅ እጅ እንደሚያይ።

ዳኛው በሁለቱም ላይ ፈረዱ፤ በቫርኒሹ ለመሮው፣ በሬዲዮ ለመዶሻው። ታላቅየው ለምስክርነት ቀርቦ፣ «መሮው ለእኔ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የገባሁበት» ብሎ ስለተናገረለት የቫርኒሹ ቅጣት ቀለለ። ሬዲዮ ይህን ሲሰማ ተናዶ ወንድሙን በዓይኑ ወጋው፤ እስር ቤት ገብቶም ወር ያህል ሊጠይቀው ሲመጣ አልወጣለትም ነበር። ታላቅየው ያመጣውን ምግብ በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ያ ነው።

የተፈታ ቀን ታላቅየው በር ላይ ጠበቀው። ጎኑን ይዞ ነው የሚራመደው። እንጨት ቤቱን ትቷል፤ ከባድ ማንሳት አይችልም።

«የአባባ መቃብር አጥሩ ወድቋል አሉ» አለው። «ልሄድ ነው። ትመጣለህ?»

አውቶቡሱ ከከተማው ወጥቶ መውጣት መውረድ ጀመረ። ሬዲዮ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አንደኛው ዓይኑ ከእንግዲህ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ በሌላው አገሩን ሲያይ የማያውቀው ሰው ፊት ሆነበት።

«ያ መንደር ማን ይባላል?»

ታላቅየው ነገረው።

«ወንዙስ?»

እሱንም ነገረው፤ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚሞላ፣ በየትኛው በኩል እንደሚሻገሩት፣ ማን እንደተወሰደበት። ሳያቋርጥ፣ ጆሮውን ሳያክ፣ በራሱ ፍጥነት አወራ። ሬዲዮ እየጠየቀ ሰማ።

«ያኛውስ ተራራ? ያ ራሰ በራው?»

ታላቅየው ተጠግቶ በመስኮቱ አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ።

«እንጃ» አለ። «እሱን እኔም አላውቀውም።»

ሁለቱም ሳቁ። ታላቅየው ጎኑን አመመውና፣ «አታስቀኝ በናትህ» አለ።