አልፈስ ያለው በርሜል

የቢራው በርሜል ቧንቧ ጥቂት ጠብታ ጣለና ዝም አለ። ነርሷ ተንበርክካ ጣሳውን ከሥሩ እንደያዘች ጠበቀች፤ ምንም የለም። በርሜሉን በጡጫዋ መታ መታ አደረገችው፣ ቧንቧውን ዘግታ ከፈተችው፣ በመጨረሻም አፏን ገጥማ እፍ አለችበት። ከውስጥ አንድ ጊዜ ጉልቅ አለና መልሶ ጭጭ አለ። ምድር ቤቱ በሙቅ ብቅል ሽታ ታፍኗል። ያለችው አንዲት ጠባብ መስኮት ከጣሪያው ሥር ናት፤ በእሷም የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው።

ምን አለ ሌላ ቀን ቢዘጋ! ከሰዓት በኋላ ወንድሟ መኪና ይዞ ይመጣል። ነገ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሆስፒታል ሥራ ትጀምራለች። ሻንጣዋ ተሰናድቶ አልጋዋ ሥር ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ያልነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚያያት አማቷ፣ የሟች ባሏ አባት ነው። ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ እንደዘጋች እሷና ግድግዳው ያውቃሉ። ዛሬ ግን ቢራውን ጠምቃ እንደጨረሰች ልትነግረው ቆርጣለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ቢራ የምትጠምቀው እሷ ናት። የሚገርመው ቢራ አትወድም፤ አንድ ብርጭቆ ከጠጣች ራሷን ይፈልጣታል። ነገር ግን ባሏ ከጥንስስ ወደ ጥንስስ ሲያሻግረው የኖረ እርሾ በብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። እርሾ ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በየጊዜው አዲስ የብቅል ውሃ ካላገኘ ይሞታል። ከቀብሩ በኋላ አማቷ ብልቃጡን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «ይሄ እንኳ አይሙትብኝ» አላት። እሺ አለች። እሺ ስትል ለአንድ ጊዜ መስሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም የእረፍት ቀን የራሷ ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌው «በእኔ ዘዴ እንሥራው» ብሏት ነበር። የእሱ ዘዴ የድሮ ነው። ከተዘፈዘፈው ብቅል ሲሶውን እየጨለፉ በሌላ ድስት ማፍላት፣ መመለስ፣ እንደገና መጨለፍ፣ እንዲህ እያሉ የበርሜሉን ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። የባሏ ዘዴ አጭር ነው፤ ብቅሉን በልኩ በሞቀ ውሃ አንዴ ይዘፈዝፋል፣ በርሜሉን በብርድ ልብስ ይጠቀልላል፣ ጣዕሙ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ አለቀ። አባትና ልጅ በዚህ የተነሳ የተኳረፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

«በልጅዎ ዘዴ ይሁን፣ አባባ» አለችው።

አልተከራከራትም። «እንግዲያው ብቅሉን እኔ ልፍጭልሽ፣ አንቺ ውሃውን አሙቂ» አለ። እሷም ደግነቱን አይታ ውሃውን ልትጥድ ሄደች።

አሁን ክዳኑን ከፍታ ማማሰያውን ወደ ታች ሰደደችው። ከበርሜሉ ሥር ያለው ወንፊት ጋ ሲደርስ አልገባም አለ። አንድ ጭልፋ አወጣችና በጣቶቿ አሸችው። የቢራ ብቅል ይሰነጠቃል እንጂ አይላምም፤ ቅርፊቱ ሳይደቅ ሲቀር ወንፊቱ ላይ ይደላደልና ፈሳሹን ያሳልፋል። ጣቶቿ ላይ የቀረው ግን ሊጥ ነበር። ተነስታ ጥግ ላይ ወዳለው የእጅ ወፍጮ ሄደች። ክፍተቱን የሚለካው ብሎን ባሏ ቀይ ቀለም የቀባበትን ምልክት አልፎ እስከ መጨረሻው ጠብቋል።

አማቷ ዕድሜውን መኪና ሥር ተጋድሞ የጨረሰ መካኒክ ነው። እጁ ዛሬ ቢንቀጠቀጥም፣ ብሎን በስህተት የሚያጠብቅ ሰው አይደለም።

ደሟ ፈላ። ስትውጠው የኖረችው እሺ ሁሉ ገነፈለባትና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ያጠበቁት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን አለ?» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

«ልሄድ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። የመስኮትሽን ማጠፊያ ዘይት ልቀባ ገብቼ ሻንጣውን አየሁት። ዚፑ አልዘጋ ቢልሽ በገመድ አስረሽዋል። ገመድ መንገድ ላይ ይፈታል። ሠርቼልሻለሁ።»

ነርሷ የወፍጮውን ብሎን በጣቷ ነካች። «የቱን አስቀደሙ?» አለችው። «ዚፑን ነው ወይስ ብሎኑን?»

«ዚፑን። እሱን ጨርሼ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደዚህ ወረድኩ።» ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ።»

ንዴቷ ማረፊያ አጣ። ጥላው ብትሄድ ብቅሉ እስከ ነገ ይኮመጥጣል፤ ብልቃጡ ውስጥ የቀረው እርሾ ደግሞ እስከ ሌላ ጥንስስ የሚቆይበት አቅም የለውም። ብትቆይ ወንድሟ ተቆጥቶ ይመለሳል፣ ነገ ሥራዋ ላይ አትገኝም፣ በሚቀጥለው ወርም እዚችው በርሜል ሥር ተንበርክካ ትገኛለች። ይህን እንደምታውቅ ሽማግሌውም ያውቃል።

በመስኮቷ በኩል የመኪና ጎማ መጥቶ ቆመ። ጥሩምባ ተነፋ።

ነርሷ በርሜሉ ውስጥ የሞቀ ውሃ ጨመረችና ማማሰያውን ለአማቷ ዘረጋችለት።

«እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ለማማሰል ደግ ነው» አለች።

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ተነስቶ፣ ማማሰያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከወንፊቱ ላይ እየቧጨረ ዝቃጩን ያነሳው ጀመር። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። እሷ ቆማ አየችው፤ እጇ ሊያግዘው ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ብቅሉ ረግቶ ሲተኛ ቧንቧውን በስሱ ከፈተው። መጀመሪያ ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነ ፈሳሽ መጣ፤ ዱቄት የበዛበት፣ ድፍርስ። እንዲህ ያለው እስኪጠራ ድረስ እየተቀዳ፣ ቀስ ተብሎ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ይህን ሁልጊዜ የምትሠራው እሷ ነበረች።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። የወንድሟ ጫማ መስኮቷ አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል። ነርሷ ሽርጧን ፈታ በርጩማው ላይ አኖረችና ወደ ደረጃው ሄደች። የመጀመሪያው እርከን ላይ ስትደርስ የጣሳ ድምፅ ሰምታ ዞረች።

አማቷ የሞላውን ጣሳ አንስቶ በርሜሉ ላይ ያፈስሳል። ግማሹ እጅጌው ላይ ፈሰሰ፤ አልተወም። ጎንበስ ብሎ እንደገና ቀዳ። ጣሳውን በመስኮቷ ብርሃን አዘነበለና ውስጡን አየ፤ እሷም ከቆመችበት አንገቷን ሰግጋ አየችው።

ገና አልጠራም ነበር።